ፍቺው ሳያልቅ የተወለደ ልጅ አባቱ ማን ነው?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸዋ ቤንች የምትኖር አንዲት ሴት እናስብ። ባልዋ ጥሏት ከወጣ ቆይቷል። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ለወረዳው ፍርድ ቤት የፍቺ ማመልከቻ አስገብታለች። መዝገቡ ግን አንዴ መጥሪያው አልደረሰም፣ አንዴ ሽማግሌዎቹ ሪፖርት አላቀረቡም እየተባለ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይንከባለላል። ሕይወት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅምና ከሌላ ሰው ጋር ጎጆ ቀልሳ ቡናውን አብረው ይለቅማሉ፣ አብረው ያሰጣሉ። ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተገላገለች። አብሯት ያለው ሰው ልጁን አቅፎ ስም አወጣለት። አባቱ ማን እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

ሕጉ የሚያውቀው አባት ግን ሌላ ነው። በሕግ ዓይን የዚህ ልጅ አባት ከቤት የወጣው ባል ነው፤ ልጁን ዓይቶት ባያውቅም፣ ሲወለድ የት እንደነበረ ማንም ባይናገርም። ታሪኩ ለማስረዳት ያህል የተበጀ ነው። የሚመስሉት ግን ከሚዛን እስከ ቴፒ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። ሰዎቹ ነገሩን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ፣ የቀለብ ክስ ሲመጣ ወይም አንዱ ወንድ ሞቶ የቡና ማሳው ለወራሾች ሊከፋፈል ሲል።

ሕጉ ለምን እንዲህ አለ? የእናትነት ነገር ቀላል ነው፤ የወለደች እናት ናት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 124 ይህንኑ ይላል። አባትነት ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ሕጉ ከሚታየው ነገር ይነሳል፤ የሚታየው ጋብቻው ነው። በአንቀጽ 126 መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ሐሳቡ እኛ ዘንድ የተፈጠረ አይደለም። ከጥንት ሮማውያን ሕግ ወርዶ በፈረንሳይ አልፎ፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ወደ ዛሬው የቤተሰብ ሕግ ተሻገረ። የእስልምናም ሕግ በራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል፤ ልጁን ለጋብቻው ይሰጠዋል።

የዚህ ግምት ዋና ጥቅም የልጁ ነው፤ ይህን ሳይረዱ ሕጉን መውቀስ ቀላል ነው። ግምቱ ባይኖር ያገባች ሴት ሁሉ በወለደች ቁጥር አባት እንዳለ ለማስረዳት ምስክር መቁጠር ይኖርባት ነበር። አሁን ግን የጋብቻ ማስረጃውን ብቻ ታሳያለች። ልጁም ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ቀለብ ጠያቂ፣ ወራሽ፣ የአባት ስም ያለው ሰው ነው። ችግሩ የሚመጣው ጋብቻው በኑሮ ሞቶ በወረቀት ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ለይቼ ላንሳ። የፍቺ ማመልከቻ ማስገባት ፍቺ አይደለም። መለያየትም ፍቺ አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ «በቃችሁ፣ ተለያዩ» ማለቱም፣ ዕቃ መካፈሉም ፍቺ አይደለም። ጋብቻው የሚያበቃው ፍርድ ቤቱ የፍቺ ውሳኔ በሰጠበት ቀን ነው። በአሮጌው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ራሳቸው ፍቺ ይወስኑ ነበርና ይህ ትዝታ በየመንደሩ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አሁን የሽማግሌዎች ሥራ ማስታረቅና ያዩትን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ነው፤ መወሰን የዳኛው ነው። በአንቀጽ 82 መሠረት ዳኛው ባልና ሚስቱን አነጋግሮ ለሽማግሌ ሊመራቸው ወይም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ያ ሁሉ ሲያልቅ ውሳኔው በአንድ ወር ውስጥ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል። በወረቀት አጭር ነው። በተግባር እንደሚረዝም ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጆች የሚወለዱትም በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

እርግጥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ጋብቻ «በሁኔታ ፈርሷል» ያለባቸው ውሳኔዎች አሉ። ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትዳር መሥርተው ሲገኙ፣ የፍቺ ወረቀት ባይኖርም ጋብቻው እንዳበቃ ተቆጥሯል። ይህ መንገድ ግን በክርክር የሚገኝ እንጂ ተማምነውበት የሚኖሩበት ጥላ አይደለም። ዳኛ እስኪወስን ድረስ ባል ባል ነው።

ጋብቻው በፍርድ ካበቃም በኋላ የባልየው ጥላ ወዲያው አይነሳም። ልጁ ፍቺው በተወሰነ በ300 ቀን ውስጥ ከተወለደ በጋብቻው ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ፍቺው ጥቅምት 10 ቀን ከተወሰነ ዐሥር ወር ቆጥራችሁ ነሐሴ 10 ላይ ትደርሳላችሁ። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ቀኖቿን አስቡ። ሴትየዋ ከፍቺ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ባል እንዳታገባ አንቀጽ 16 የሚከለክለውም ለዚሁ ነው፤ የሁለት ባሎች አባትነት እንዳይጋጭ። ከቀድሞ ባልዋ ጋር መልሳ ከተጋባች፣ በመሀሉ ከወለደች፣ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደላት ክልከላው ይነሳል። በእስልምና ዒዳ የሚባለው የመጠበቂያ ጊዜ የቆመውም ለዚህ ዓላማ ጭምር ነው።

ወደ ግንቦቱ ልጅ እንመለስ። ባልየው «ልጁ የኔ አይደለም» ብሎ ዝም ቢል ምንም አይለወጥም። ሕጉ ለዚህ አንድ በር ብቻ ነው የሠራው፤ ልጅን የመካድ ክስ ይባላል። ክሱን የሚያቀርበው በመሠረቱ በሕግ አባት የተባለው ሰው ራሱ ነው። ማስረዳት ያለበትም ከወሊዱ በፊት ባለው ከ300ኛው እስከ 180ኛው ቀን ድረስ ከሚስቱ ጋር ፈጽሞ ግንኙነት እንዳልነበረው ወይም በሌላ ምክንያት አባት ሊሆን እንደማይችል ነው። ለግንቦት 5 ልጅ ይህ ጊዜ ከሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው ነው። ልብ በሉ፤ በእኛ አገር ክረምቱና የቡና ለቀማው መግቢያ ነው።

ታዲያ «እኔ በዚያን ጊዜ ቤበቃ የቡና እርሻ ነበርኩ» ቢል ይበቃዋል? አይመስለኝም። ቤበቃ ለሚዛን ቅርብ ነው፤ ሰው ለገበያ ወጥቶ ሚስቱን ጎብኝቶ ይመለሳል፤ ዳኛውም ይህንን አያጣውም። በዚያ ወራት አረብ አገር ወይም ሱዳን የነበረ፣ በማረሚያ ቤት የቆየ፣ በሌላ ክልል ለመሥራቱ የደመወዝ ሰነድ ያለው ሰው ግን የሚጨበጥ ነገር ይዟል። የፍቺ መዝገቡም ራሱ ይረዳል፤ ማመልከቻው መቼ እንደገባ፣ ሁለቱ በየት በየት እንደሚኖሩ ሽማግሌዎቹ የጻፉት ሪፖርት መለያየታቸውን ያሳያል። የሚስትየዋ «አዎ፣ ከሌላ ሰው ነው» ማለት ግን ብቻውን አባትነትን አያነሳም። አንዳንዱ በዚህ ይገረማል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ልጁ በንዴት ወይም በፍቅር በተነገረ ቃል አባቱን ማጣት የለበትም።

የደም ምርመራና ሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ በሕጉ ስማቸው ተጠርቷል፤ የዲኤንኤ ምርመራም የሚገባው በዚህ በር ነው። ይሁንና በጤና ኬላ የሚሠራ ነገር አይደለም። ናሙናው ከሚዛን ርቆ ይሄዳል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ያስፈልገዋል። በግል የተሠራ ምርመራ ይዞ ቀበሌ ሄዶ «ስሜን ሰርዙልኝ» ማለት ዋጋ የለውም። ቀበሌ አባትነትን አይፈርድም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቀነ ገደቡ ነው። ባልየው የመካድ ክሱን ማቅረብ ያለበት ልጁ መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። በተወለደ ዕለት የሰማ ከሆነ የግንቦት 5ቱ ልጅ ቀን ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። «የፍቺው መዝገብ ይለቅና ከዚያ እናየዋለን» የሚለው ምክር በየጠላ ቤቱም በየሽምግልናው ጥላም ይሰጣል። መጥፎ ምክር ነው። የፍቺ መዝገብ መጓተት የ180 ቀኑን ቆጠራ አያቆመውም። ቀኑ ካለፈ ባልየው በልቡ ያላመነበትን ልጅ አባትነት ተሸክሞ ይቀራል፤ በትክክል አባት የሆነውም ሰው በሩ ተዘግቶበት ይቆማል።

ሁለተኛው ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ልጁ አባት የሌለው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አባትነትን መቀበል የሚባል ሥርዓት አለ፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ይደረጋል፤ እናትየዋም እውነት ነው ብላ ማመን አለባት። ልጅ በሕግ አባት እያለው የሌላ ሰው መቀበል ግን ያንን አባት አያነሳውም። በተጨማሪም ይህ ሰው ከእናትየዋ ጋር እንደ ባልና ሚስት አብሮ ስለኖረ ሕጉ ለእሱም የራሱን የአባትነት ግምት ይሰጠዋል። ሁለት ግምት ይጋጫል ማለት ነው፤ ክርክር ከተነሳ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ጋብቻው ያደላል።

ለዚህ ግጭት ሕጉ ያበጀው መፍትሔ በአገራችን ብዙም አይታወቅም፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን እሱ ይመስለኛል። በሕግ አባት የሆነው ባል፣ አባት እኔ ነኝ የሚለው ሰውና እናትየዋ ተስማምተው ልጁን ለሁለተኛው ሰው ማድረግ ይችላሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። የሽማግሌ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። የቤንች፣ የሸኮ፣ የመኢኒት፣ የካፋ ሽማግሌ ሁለት ወንዶችን በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጦ «ልጁ የማን ነው?» ብሎ ሳያጣላ የማነጋገር ልምድ አለው። ያ ልምድ በአፍ ቀርቶ ከሚበተን፣ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ለልጁ የዕድሜ ልክ ማስረጃ ይሆነዋል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ስምምነቱ ከልጁ ጥቅም ጋር እንደማይጋጭ አይቶ ነው የሚያጸድቀው።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደፈታው ለማየት ጀርመንን መመልከት ይጠቅማል። በ1998 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ሕጋቸው መሠረት የፍቺ ማመልከቻ ከገባ በኋላ ልጅ ከተወለደ፣ ሌላ ሰው አባትነቱን ተቀብሎ እናትየዋና ባልየው ከፈቀዱ፣ ፍቺው ሲጸና አባትነቱ ያለ የተለየ ክስ ወደ ሁለተኛው ሰው ያልፋል። መቀበሉ ፍቺው ከጸና በኋላ አንድ ዓመት ሳያልፍ መደረግ አለበት። ማመልከቻው የገባበትን ቀን ሕጋቸው ትርጉም ሰጥቶታል ማለት ነው። የእኛ ሕግ አውጪዎችም ይህንን ቢያጤኑት ደስ ይለኛል፤ መዝገብ በሚጓተትበት አገር ማመልከቻ የገባበት ቀን ከውሳኔው ቀን ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ልጁ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የማያንሰው ግን ተቃራኒው ነው። ሚስት እርጉዝ ሆና ከቤት ትወጣለች፣ ፍቺ ትጠይቃለች፣ ባልየው ከቀለብ ለማምለጥ «የማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች» ይላል። ይህን ቃል የሰማች እህት ልትደነግጥ አይገባትም። በጋብቻ ውስጥ ስለፀነሰች ማስረዳት የሷ ሸክም አይደለም። በጊዜው የመካድ ክስ አቅርቦ ማሸነፍ ያለበት እሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አባት ነው። ፍርድ ቤቱም ፍቺው እስኪወሰን ሳይጠብቅ ስለ ልጆቹ ቀለብና አያያዝ፣ ስለ ሚስትየዋ መተዳደሪያና ስለ ንብረቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይገባዋል። አንቀጽ 82 ይህን ሥራ ለዳኛው ሰጥቶታል። ብዙ ሴቶች ግን ሳይጠይቁት ይቀራሉ። ማመልከቻው ላይ «ጊዜያዊ ቀለብ እንዲታዘዝልኝ» የሚል አንድ አንቀጽ ይግባ፤ ለሚጽፍላችሁ ሰው ንገሩት።

ባልየው ክዶ ካሸነፈ ልጁ ለጊዜው ያለ አባት ይቀራል። ያኔ ወይ ሁለተኛው ሰው ይቀበለዋል፣ ወይ በፍርድ አባትነት እንዲታወቅ ክስ ይቀርባል። አንቀጽ 143 በፍርድ አባትነት የሚታወቅባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ እናትየዋ በፀነሰችበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ፣ በሥልጣን ወይም በጋብቻ ተስፋ ተታልላ ከሆነ፣ አባት የተባለው ሰው አባትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ከጻፈ፣ በዚያን ጊዜ አብረው በዘላቂነት ከኖሩ፣ ወይም ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በማሳደግና በመንከባከብ ከተሳተፈ። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ በስልክ የላከው ገንዘብ፣ ክርስትና ያስነሳበት ዕለት ፎቶ፣ ሁሉም ይጠቅማል። እንዲህ ያለውን ነገር አትጣሉ።

ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የአባትነት ክርክር ልጁን ሳያስመዘግቡ ለማስቀመጥ ምክንያት አይሆንም። እናትየዋ ትሂድ፣ እውነቱን ትናገር፣ ጋብቻዋ እንዳልፈረሰ ትግለጽ። ሹሙ የጋብቻ ሰነዱን እያየ የባልየውን ስም ቢጽፍ ሕጉን መከተሉ ነው እንጂ ክፋቱ አይደለም። ኋላ የፍርድ ውሳኔ ሲመጣ መዝገቡ ይታረማል። ነገሩ ቀላል እንዲሆን ብሎ የሁለተኛውን ሰው ስም «ባል» አድርጎ ማስጻፍ ግን ዛሬ መንገድ ቢያሳጥርም ውርስ በተነሳ ቀን ልጁን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። በእኛ አገር ውርስ ማለት የቡና ማሳ ነው፤ የይዞታ ደብተር ነው። ከአባቱ ወንድሞች አንዱ «ይህ ልጅ የወንድሜ አይደለም» ብሎ ሲነሳ መልስ የሚሰጠው የጸና ወረቀት ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት ለሌለውም ሕጉ በሩን አልዘጋም። ሰዉ ሁሉ የእገሌ ልጅ ብሎ የሚያውቀው፣ ሰውየውም እንደ ልጁ ያሳደገው ከሆነ፣ ይህ የልጅነት ሁኔታ በምስክሮች ሊረጋገጥ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት፣ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት አለው ይላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናትም በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው። ስለዚህ «ዲቃላ» የሚለው ቃል በሕግ ቦታ የለውም፤ በአፋችንም ባይኖረው ምንኛ ጥሩ ነበር። ልጁን ማን ያሳድገው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የሰበር ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ይታወሳል። ከደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች የመጣ ጉዳይ ነበር። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድግ አባቱ «አባት ስለሆንኩ ይሰጠኝ» ብሎ ተከራከረ፤ ችሎቱ ግን አባትነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም እንደሆነ ወሰነ። አባትነት ተረጋገጠ ማለት ልጁ ወዲያው ከሚያሳድገው ሰው ተነጥቆ ይሰጣል ማለት አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። ልጁ ከእናቱና ከሁለተኛው ሰው ጋር እያደገ፣ በሕግ አባት ከሆነው ቀለብ ሊቆረጥለት ይችላል።

አሁን ወደ ተግባሩ። በክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ይሠራል፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል የራሱን ሕግ በ1996 ዓ.ም. አውጥቷል፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ከዚያው ክልል ወጥቶ ተመሥርቷል። በዋና ነገሮች ሕጎቹ ይመሳሰላሉ፤ የአንቀጽ ቁጥር ግን ሊለያይ ስለሚችል ክስ ከማስገባታችሁ በፊት የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቁ። ክሱ የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን በምስክር አስረድቶ በነፃ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የሕግ ትምህርት የሚሰጠው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚጠየቁ ቦታዎች ናቸው።

ስትሄዱ የጋብቻውን ማስረጃ፣ የፍቺ ማመልከቻውን ግልባጭ ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር፣ ልጁ የተወለደበትን ጤና ጣቢያ ወረቀት ያዙ። ከሁሉ በፊት ግን በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቀኖች ጻፉ፤ ማመልከቻው የገባበትን፣ ልጁ የተወለደበትን፣ ባልየው መወለዱን የሰማበትን። ሬጅስትራሩም ሆነ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው፤ የ180 ቀኑም ቆጠራ ከሦስተኛው ይጀምራል።